ማተብ ያለው ጨካኝ

በኢንተርኔት በሚወጡ የኮሚክ ታሪኮች ውስጥ ብዙ ጊዜ አንባቢን የሚማርከው ጀግናው ሳይሆን ቃሉን የማያጥፍ ጨካኝ ነው። ይገድላል፣ ይዘርፋል፤ እንግዳን ግን አይነካም፣ የማለበትንም አያፈርስም። ብዙዎች ይህን አይተው «ልቡ እኮ ደግ ነው» ብለው ይምሩታል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ክብር የሚያውቅ ጨካኝ ክብር ከማያውቀው ይልቅ ከባድ ፍርድ ይገባዋል። ምንም ሕግ የሌለውን ሰው በምን ትረታዋለህ? ማተብ ያለው ግን በገዛ ማተቡ ይረታል።

ሪች በርሉ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት የሚያወጣውን «ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» እንይ። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ ሬድክሎክ የተባለው የጎብሊን ካህን ግን ቀላል ሰው አይደለም። ለጽድቅ የማሉ ወታደሮች መንደሩን ፈጅተውበታል፤ የሚዋጋውም ለተናቀው ወገኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን የጎብሊኖች ዘመድ የሆኑትን ሆብጎብሊኖች ይጠላል፣ በጦር ሜዳም ያለ ርኅራኄ ይማግዳቸዋል። ከእነሱ አንዱ ተራ ወታደር ሕይወቱን ሰጥቶ ሲያድነው ያፍራል፤ ራሱም ወደ ውጊያው ይገባል። አንባቢ እዚህ ላይ ይወደዋል፣ መውደዱም ልክ ነው። ሆኖም ይኸው ሰው የያዘውን ከተማ ሕዝብ ባሪያ አድርጎ ይገዛል፤ ቀደም ሲልም የገዛ ወንድሙን ገድሏል። «ለወገኔ ፍትሕ» የሚል መርህ ባይኖረው ኖሮ ይህ ግድያ ከሌሎቹ ግፎች ጋር ተደምሮ ያልፍ ነበር። መርሁ ስላለ ግን አያልፍም፤ ከወገን ሁሉ ወንድም አይቀርብም ወይ?

እኛም ይህን ዓይነት ሰው ከታሪካችን እናውቀዋለን። ካሳ ኃይሉ በቋራ ሸፍቶ ሳለ የዘረፈውን ለገበሬው ያካፍል እንደነበር ይነገራል። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ የመጣውን ደግሞ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እናየዋለን። ከእንግሊዝ ጦር ጋር አሮጌ በተባለው ሜዳ በተደረገው ውጊያ ዋዜማ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ገደል ተጣሉ። ከውጊያው በኋላ ንጉሡ አውሮፓውያኑን እስረኞች በሰላም ለቀቁ፣ ለእንግሊዙ አዛዥ ለጄኔራል ናፒየርም የፋሲካ ከብት ላኩ። ሚያዝያ 6 ቀን እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ይህን የመጨረሻ ክብር ሥዕሉም ቴአትሩም ደጋግሞ አሳይቶናል፤ ገደል የተጣሉት ግን ከተረቱ ውጭ ቀርተዋል። ንጉሡን ተራ ጨካኝ ማለቴ አይደለም። ጥያቄውን የሚያከብደው ታላቅነታቸው ነው፦ ለባዕድ እስረኛ የተገኘው ምሕረት ለወገን እስረኛ እንዴት ታጣ?

ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ «እንዲህ ያለ ታሪክ ልጄን ወንጀለኛ እንዲያደንቅ ያደርገዋል» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስጋቱ እውነት አለው። አደጋው ያለው ግን ጨካኙ ክብር ስላለው አይደለም፤ ደራሲው ክብሩን እያሳየ የተበዳዩን ፊት ሲሸሽግ ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ክብር ያለው ሽፍታ የሚባለው ራሱ ተረት ነው የሚል። ኤሪክ ሆብስባውም በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሽፍታን የድሃ ተበቃይ አድርጎ ሲያቀርብ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠናው ዶናልድ ክራሚ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን በኛ አገር ሽፍትነት በአብዛኛው የመኳንንት የሥልጣን መንገድ እንደነበር አሳይቷል። እኔም የክራሚን እቀበላለሁ። ክርክሬን ግን አያፈርሰውም፤ ሹመት ፈልጎ የሸፈተው መስፍንም ስለ ቃልና ስለ ወግ ይምል ነበር፣ በሬው የተነዳበት ገበሬም በዚያው መሐላ ሊጠይቀው ይችላል።

ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካወጣ ወዲህ የራሳችን ልዕለ ኃያል ጀግና አለን። ለሚቀጥሉት ሠዓሊዎቻችን የምለምነው ለዚያ ጀግና የሚመጥን ባላንጣ እንዲሰጡት ነው። ሽፍታውን ሲስሉ እንግዳውን በክብር ሲሸኝ ያሳዩን፤ በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ በሬው የተነዳበት ገበሬ ደጁ ድረስ መጥቶ በማለበት ስም ይጠይቀው፣ መልሱንም እንስማ።