መሰላ ደርሼ ብስክሌት አከምኩ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሚኤሶን አልፎ የቆላውን ሙቀት ትቶ ወደ ጨርጨር ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ጆሮው ድፍን ሲል ጭሮ መቃረቡን ያውቃል። እኔ በልማድ ዛሬም አሰበ ተፈሪ እላታለሁ። ከተማዋን የቆረቆሯት የጨርጨር አገረ ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የደረሱት እኚሁ ሰው ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት የሄድኩት ግን ጭሮ ለመቆየት አልነበረም። ከነርስነት ዲፕሎማዬ በኋላ በወጣትነቴ የሠራሁበትን የመሰላን አካባቢ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም ነበር። ደግሞም በዚያን ጊዜ ቤታቸው ያስጠለሉኝ እናት ልጃቸው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሳልደርስ ቀርቼ ነበርና ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ።

በሚኒባሱ መስኮት የሚታየው አገር አልተለወጠም። በተዳፋቱ ላይ ማሽላው ጎምርቷል፤ በመሐሉ የጫት ተክል በመስመር ቆሟል። ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወፍ ያባርራሉ። እኔ በእግሬና በበቅሎ የወጣሁትን ዳገት የዛሬ ልጅ በሞተር ሳይክል ያልፈዋል።

እናታችን ሲያዩኝ «ሐኪም፣ ሸበትክ!» አሉኝ። አለቀስን፤ ከዚያም በወተት የፈላ የቡና ገለባ፣ ሆጃ፣ ቀረበልን። ሆጃዬን እየጠጣሁ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የኮርስ ብስክሌት አየሁ። የሟቹ ልጃቸው ነው። አዲስ አበባ ሲሠራ ገዝቶት ለእረፍት ሲመጣ ይዞት ይመጣ ነበር። ከእርሱ ወዲህ የነካው የለም።

«ቅዳሜ ገበያ ልሸጠው ነው ጋሼ» አለኝ የልጅ ልጃቸው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። «ማርሹ ሞቷል። ጭሮ ያሳየሁት ሰው መቀየሪያው ካልተለወጠ አይሠራም፣ ዕቃውም እዚህ አይገኝም ብሎኛል። እንደ ብረት ነው የሚገዙት።» አያቱ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ስኒውን ብቻ ደጋግመው አሻሹ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን «ሞቷል» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ሳለሁ የደም ግፊት መለኪያችን አየር የሚያስወጣው ብሎን ተጣብቆ አልዞር አለ። እኔው ራሴ «ከጥቅም ውጭ» ብዬ መዝግቤ መጋዘን አስገባሁት። ከሰባት ወር በኋላ የመጣ የጥገና ባለሙያ ብሎኑን ፈትቶ በአልኮል ጠረገው፤ መሣሪያው ዳነ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በእነዚያ ሰባት ወራት ግፊታቸውን ሳንለካ የሸኘናቸው ነፍሰ ጡሮች ግን እስካሁን በዓይኔ ላይ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳልመረምር የምቀብረው ዕቃ የለም።

ብስክሌቱን አውርደን ኋላውን በገመድ አንጠለጠልነው። እነ ገረመው ደምቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው በተወዳደሩበት ዘመን የማርሽ ማንሻው በአብዛኛው ከመሪው ርቆ በፍሬሙ ዘንግ ላይ ነበር፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ማርሹን ከፍሬን እጀታው ጋር አንድ ላይ አደረገው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በእርሱ ዘመን እጅን ከመሪ ሳያነሱ ማርሽ መቀየር የተለመደ ነው። ምቾቱ ግን ዋጋ አለው፤ በእጀታው ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፉ ትናንሽ ምላሶች ጥርስ ላይ እየወደቁ ሽቦውን ይስባሉ፣ ይለቃሉ። ብስክሌት ለዓመታት ሲቆም ፋብሪካ የቀባው ግሪስ ይደርቃል፤ ምላሷ ትጣበቅና ጥርሱን መንከስ ታቆማለች። ማንሻው ቀጭ ሳይል ባዶውን ይመላለሳል። የዚህኛውም ሕመም ይኸው ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱ የሽቦው አለመሆኑን አጣራን። ልጁ ፔዳሉን በእጁ እያዞረ፣ እኔ በፍሬሙ ሥር የተጋለጠውን ሽቦ ሳብኩ፤ ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ ወጣ። ስለቀው ተመለሰ። ስለዚህ ሽቦውም የኋላው ካምቢዮም ጤነኞች ናቸው። የእጀታውን ላስቲክ ገልብጠን የሽቦው ጫፍ አለመተርተሩንም አየን፤ የተተረተረ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ማሽኑን ይሰነቅራልና።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው፣ መጋጠሚያው የደረቀ የቀዶ ሕክምና መቆንጠጫ ሲያጋጥመን የምናደርገውን ነው። መቆንጠጫ በጉልበት አይከፈትም፤ ይነከራል፣ ይመላለሳል፣ ይደርቃል፣ ይቀባል። ካቴናውን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርገን ሽቦውን አላላን። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዲስ መርፌ ወሰድኩ፤ መውጊያውን አስወግጄ በሲሪንጁ ጥቂት ነጭ ጋዝ በእጀታው ቀዳዳ አንጠባጠብኩ። እሳት ከአጠገባችን አርቀናል። ከፊት ለፊት ቸርኬውንና የፍሬኑን ጎማ በጨርቅ ሸፍነናል፤ ዘይት የነካው ፍሬን በጨርጨር ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል።

«አሁን ምታው» አልኩት። ሃምሳ ጊዜ መታው፤ ምንም። ጥቁር ፈሳሽ ብቻ ወረደ። ደግመን አንጠባጥበን ለግማሽ ሰዓት ተውነው። እርሱ ልፍታው አለኝ፤ ከለከልኩት። በውስጡ ያሉት ስፕሪንጎች አንዴ ከተፈናጠሩ እኔም ሆንኩ እርሱ መልሰን አንገጥማቸውም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታ፣ ከሰማንያው ገደማ በኋላ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ ቀጭ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ በተከታታይ።

የሚወርደው ፈሳሽ እስኪጠራ ቀጠልን። ጋዙ ደርቆ ካለቀ በኋላ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ የተለመነ የስፌት መኪና ዘይት ጥቂት ጠብታ ጨመርን። ወፍራም ግሪስ አልቀባንም፤ ችግሩን ያመጣው እርሱ ነውና። ሽቦውን መልሰን ወጥረን ማርሹን አንድ በአንድ አስኬድነው።

ልጁ ብስክሌቱን ወደ ደጅ አወጣው። ጎማውን ነፍቶ፣ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ፈትኖ፣ ጥቂት ዞሮ ተመለሰ። ፔዳል መምታቱን ሲተው የኋላው ጎማ ያንን የታወቀ ጥርጥር የሚል ድምፅ አሰማ። እናታችን ከጓዳ ወጡ።

«እርሱ ሲመጣ ከበር ላይ እንዲህ ነበር የምሰማው» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

የቅዳሜው ገበያ ቀረ። ልጁ በየወሩ ጥቂት ዘይት እንዲያጠጣው፣ ለረጅም ጊዜ እንዳያቆመው፣ ቢያቆመውም በየሳምንቱ ማንሻውን እንዲያመላልሰው አደራ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የተጣበቀ መቀየሪያ በዚህ አይድንም፤ ጥርሱ የተበላ ወይም ስፕሪንጉ የተሰበረ ከሆነ መለወጥ ግድ ነው። ያንን የምናውቀው ግን አጥበን ከሞከርን በኋላ ነው።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ጭሮ ስወርድ ጆሮዬ እንደገና ተደፈነ። እናንተም ቤት ግድግዳ ላይ «ሞቷል» ተብሎ የተሰቀለ ነገር ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ አውርዳችሁ እዩት። ቸር እንሰንብት።