ግማሹ ብቻ የተሸጠው ዜና

ሴት ስትወፍር ፍርዱ ፈጣን ነው። ጎረቤት «ተመችቶሻል!» ይላል፣ ዘመድ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ከላይ እስከ ታች ይገመግማታል፣ ሐኪሙም ሚዛኑን አይቶ «ምግብ ቀንሺ» ብሎ ይሸኛታል። ሁሉም የሚስማሙት ጥፋቱ የአፏ መሆኑ ላይ ነው።

አንዲት የአዲስ አበባ የቢሮ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ይህን ሁሉ ሰምታ ከጠገበች በኋላ ስልኳ ላይ ስለ አንጀት ባክቴሪያ የሚያወራ ጽሑፍ አገኘች። ውፍረት የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይደለም ይላል። እፎይ አለች። ከሥሩ የካፕሱል ዋጋና ስልክ ቁጥር ነበር። ገዛች። «እንጀራና ሽሮ ካርቦሃይድሬት ነው» ስለተባለችም ሁለቱንም ተወች፤ ምሳዋ ዶሮና እንቁላል ሆነ።

ጽሑፉ ውሸት አልነበረም። ግማሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ጄፍሪ ጎርደንና ባልደረቦቹ አንዷ ወፍራም አንዷ ቀጭን ከሆኑ አራት ጥንድ ሴት መንትዮች የአንጀት ባክቴሪያ ወሰዱ። ምንም ባክቴሪያ በሌላቸው አይጦች አንጀት ውስጥ አስገቡት። ምግቡ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የወፍራሟን የወሰዱት አይጦች የበለጠ ስብ አከማቹ።

ሻጮቹ እዚህ ላይ ይቆርጡታል። ጥናቱ ግን ይቀጥላል። ሁለቱን ዓይነት አይጦች አንድ ላይ አኖሯቸው (አይጥ የጓደኛውን ኩስ ይበላል፤ ባክቴሪያውም የሚተላለፈው በዚሁ ነው)። የቀጭኗ ባክቴሪያ ወደ ሌላው አይጥ ገብቶ ስቡ እንዳይጨምር አገደ። ይህ የሆነው ግን ምግቡ ስብ ያነሰውና አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት ሲሆን ነው። ምግቡ በተቃራኒው ሲሆን እንግዳው ባክቴሪያ ሊደላደል አልቻለም።

ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እኛ መፍጨት በማንችለው አሰር፣ ብዙዎች ፋይበር በሚሉት ነገር ነው። እሱን አብላልተው የሚያወጡት ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። ግድግዳው ሲሳሳ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ያመልጣል፣ ሰውነት ይቆጣል፣ ኢንሱሊንም ሥራው ይከብደዋል። አሰሩ ያለው ደግሞ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ጤፉ ውስጥ ነው። ሴትየዋ እንግዳ ጋብዛ ማዕዱን አነሳች።

(እንጀራን «ፕሮባዮቲክ» እያሉ ማስተዋወቅም ሌላ ማጋነን ነው። የእርሾው ነፍሳት ምጣዱ ላይ ያልቃሉ።)

ሚዛኑም ሁሉን አያይም። በ2019 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ የፓትሪስ ካኒ ቡድን አከርማንሲያ የተባለውን ባክቴሪያ ውፍረት ላለባቸው ሰዎች ለሦስት ወር ሰጠ። ጥናቱን የጨረሱት 32 ብቻ ስለሆኑ ብዙ ማስጮህ አይገባም። ግን በሙቀት የተገደለው ባክቴሪያ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ አሻሻለ፤ ኪሏቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ኪሎ ብቻ የሚያይ ሐኪም ቢሆን «ምንም የለም» ብሎ ይሸኛቸው ነበር።

«ወደ ሽሮሽ ተመለሺ» ማለት ቀላል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ማታ 2 ሰዓት ለምትገባ ሴት ግን ምስሩን የሚለቅመው፣ ጎመኑን የሚከትፈው ማን ነው? ፓስታ በሩብ ሰዓት ይደርሳል፤ ፉርኖ ዳቦ ደግሞ ሱቁ ጋ ነው። የእናቷ ድስት ጤናማ የነበረው እናቷ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ስለነበረች ጭምር ነው። ይህን ሳያነሱ ሴትን ስለ አመጋገብ መምከር ያንኑ የጎረቤቱን ፍርድ በሳይንስ ቋንቋ መድገም ነው።

ካፕሱሉ ሲያልቅ ሌላ አልገዛችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሳምንቱ የሚሆን ምስር ቀቅላ ፍሪጅ ታስገባለች። ሐኪሙን የምትጠይቀውም በባዶ ሆድ የተለካ ስኳሯን ሆኗል። ጎመኑን ትልቁ ልጇ ይከትፋል። ባሏ ገና አልጀመረም።