ሁለት በር ሲከፈት

አንድ ወጣት ሥራ ሲያገኝ በኅብረታችን «ጌታ በር ከፈተለት» እንላለን፤ እናመሰግናለን፤ እጃችንን ጭነን እንጸልይለታለን። ተገቢም ነው። ሁለት በር በአንድ ጊዜ ሲከፈትስ? የትኛው ነው የጌታ? ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ይዘን ብዙ ምሽት ተንበርክከናል።

ልጃችን አብራሪ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ባለ አንድ ሞተር በሆነች ትንሽ አውሮፕላን ተማሪዎችን እያስተማረ ከሁለት ዓመት በላይ የበረራ ሰዓት ሲያጠራቅም ቆየ። በአሜሪካ በአየር መንገድ ለመቀጠር በመደበኛው 1500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። በውትድርና ለበረሩ 750፣ በተፈቀደ የአቪዬሽን ትምህርት ባችለር ዲግሪ ለያዙ ደግሞ 1000 ይበቃል። የእርሱ ዲግሪ በሌላ ሙያ ስለሆነ ሙሉውን መሙላት ነበረበት። በዚህ ላይ ለጽሑፍ ፈተናው ከመቀመጡ በፊት ቢያንስ 30 ሰዓት በክፍል፣ 10 ሰዓት በሲሙሌተር የሚሰጥ ኮርስ አለ። ለሥልጠናው የተበደረው ገንዘብ ወለድ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ስለዚህ ማመልከቻ ማስገባት ሲጀምር ቤታችን ውስጥ ጉጉትም ጭንቀትም ነበር።

ይህ የ1500 ሰዓት ሕግ እንዴት እንደመጣ ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው። የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009፣ የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ከኒውዋርክ ተነሥቶ ቡፋሎ ለማረፍ ሲቃረብ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና አውሮፕላኑ በወደቀበት ቤት የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነበር፤ አገር ቤት ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የተሳፈራችሁ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ማስጠንቀቂያ ተሰማ፤ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው።

ወደ ኋላ ሄደው የመረመሩት ሁለት ሌሎች ነገሮችንም አገኙ። ረዳት አብራሪዋ ከምትኖርበት ከሲያትል ሌሊቱን ሙሉ በሌሎች አውሮፕላኖች ተሳፍራ ነበር ኒውዋርክ የደረሰችው። ካፒቴኑም ያለፈውን ሌሊት ያሳለፈው በሠራተኞች ክፍል ነበር። ድካሙ ምን ያህል እንደጎዳቸው በትክክል መለካት አልተቻለም፤ አቅማቸውን ሳይቀንሰው እንዳልቀረ ግን ተጽፏል። ደግሞም ካፒቴኑ ቀደም ሲል የወደቃቸውን ፈተናዎች በሙሉ ቀጣሪው አያውቅም ነበር። ይህን የምንጽፈው በሞቱት ላይ ለመፍረድ አይደለም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ለዓመታት ዋሽንግተን እየተመላለሱ ሕጉ እንዲለወጥ ስላደረጉ ነው ልጃችን ዛሬ በተሻለ ሥርዓት የሚያልፈው። እኛ ግን ከዚህ ታሪክ ሁለት ጥያቄ ይዘን ተነሣን፤ ልጃችን እውነቱን ይናገራል ወይ? የትስ ይተኛል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቶሎ መጣ። የማመልከቻው ቅጽ «የወደቅኸው የበረራ ፈተና አለ?» ይላል። አለ። ከሦስት ዓመት በፊት በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ የመብረር ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራው አላለፈም ነበር፤ የማረፊያውን ካርታ አሳስቶ በማንበቡ ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወረደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ተፈትኖ አለፈ። አንድ የሚወደው ጓደኛው «አንዴ ነው እኮ፤ ባትጽፈው ማን ያስታውሰዋል?» አለው።

ልጃችን ኮምፒዩተሩን እንደከፈተ ወጥ ቤት መጣና «አባዬ፣ እማዬ፣ ምን ላድርግ?» አለን። እኛም «ልጄ፣ መልሱን አንተም ታውቀዋለህ» አልነው። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ሄዶ ጻፈው። በእርግጥ ዛሬ አየር መንገዶች አብራሪውን ሥራ ላይ ከማሰማራታቸው በፊት በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመረጃ ቋት ያለውን መዝገቡን መመልከት ግዴታቸው ነው፤ የወደቀው ፈተና እዚያ አለ። እኛ ያስደሰተን ግን ሌላ ነው። ጌታ በትንሹ ነገር ስለ መታመን በሉቃስ 16 ያስተማረውን ልጃችን ማንም በማያየው ወጥ ቤት ውስጥ ኖረው።

በቃለ መጠይቁ ሁለቱም አየር መንገዶች ስለ ፈተናው ጠየቁት። ምን እንዳጠፋ፣ እንዴት እንዳረመው፣ ዛሬ ተማሪዎቹን ያንኑ ካርታ ሲያስተምር የት ላይ እንደሚያዘገያቸው ነገራቸው። ሁለቱም ተቀበሉት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበደ። አንደኛው አየር መንገድ 76 መቀመጫ ያለው አዲስ ጄትና ጥሩ የፊርማ ቦነስ ሰጠው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከለቀቀ ግን ገንዘቡን ይመልሳል። ምድቡም በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ስቴት ነው። ሁለተኛው 50 መቀመጫ ያለው ያረጀ ጄት ነው፤ ቦነስ የለውም፤ ምድቡ ከቤታችን በመኪና 40 ደቂቃ ነው። ቦነሱ ከዕዳው ብዙውን ይከፍል ነበር። ዘመድ ሁሉ «ትልቁን! ጌታ የሰጠህን በረከት አትግፋ» አለ።

በሉቃስ 14 ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል። እኛም ከጸለይን በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። አዲስ አብራሪ በቅጥር ቀኑ መሠረት የተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ምድብ፣ ፈረቃ፣ ዕረፍት፣ ካፒቴንነትም በዚያ ተራ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሁሉ በታች ስለሆነ ተጠባባቂ ይሆናል፤ ሲደወልለት ፈጥኖ መድረስ አለበት። ሩቅ የሚኖር ከሆነ ከብዙዎች ጋር አልጋ ይከራያል፤ በዕረፍት ቀኑም ባዶ መቀመጫ ሲጠብቅ ይውላል። በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ሕጉ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል፤ ከቤት ወደ ምድብ የሚደረገው ጉዞ ግን እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጠርም። ያን ድካም የሚያውቀው አብራሪው ብቻ ነው፤ «ዛሬ ለመብረር ብቁ ነኝ» ብሎ የሚያረጋግጠውም እርሱ ነው።

ልጃችን ወረቀቱን ሁለት ቀን ይዞት ዋለ፤ ከዚያም ቅርቡን መረጠ። ድምፅ አልሰማም፤ ሕልም አላየም። «ከኋላዬ 50 ሰው ተቀምጦ ተኝቼ መምጣቴን ማወቅ እፈልጋለሁ» ነው ያለን። ዕዳው ዛሬም አለ፤ በየወሩ ይከፈላል። እሑድም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህ የቤት ለቤት ኅብረታችን የእርሱን ፈረቃ እያየ ቀኑን ይለዋውጣል።

ለሌላው ሰው ሩቁ ምድብ ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያው ተዛውሮ የሚኖር ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ይህን መንገድ የጀመራችሁ ወጣቶች ግን፣ የበረራ መዝገባችሁን ሳታሳድጉ በትክክል ደምሩ። የወደቃችሁትን ፈተና ራሳችሁ ተናገሩ። ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፤ ስትለቁ ምን እንደምትመልሱ እወቁ። እዚያው ምድብ የሚሠራ አብራሪ ፈልጋችሁ «የት ትተኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወላጆች ደግሞ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ።

በዚህ ሳምንት በሥልጠና ላይ ያሉትን፣ በየሰማዩም ሌሊቱን የሚሠሩትን አብራሪዎች በጸሎታችሁ አስቡ። ጌታ ይባርካችሁ።