ኩርፊያውን የፈታው ራውተር

በኢንተርኔት ምክንያት እህትና ወንድም ይኳረፋሉ ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኛ ቤት ግን ሆነ! እህቴ ቤት ሆና ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር በቪዲዮ ነው የምትሠራው፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፊልም ማውረድ ከጀመረ አያባራም። ስብሰባዋ እየተቆራረጠ ሥራዋን ልታጣ ደረሰች። ሁለት ሳምንት ተዘጋጉ።

መቼም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ፣ ከሁለቱም አስገባን። አንድ ጎረቤታችን “ሁለቱን ቀላቅሏቸው” አለን። አይሆንም! ከተቀላቀሉማ ፊልም አውራጁ ሁለቱንም ይውጣቸዋል።

መላው ይኸውላችሁ። ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር ይገዛል። ለየአንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ የማይቀያየር የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። ቀጥሎ “ከዚህ አድራሻ የመጣ በአንደኛው መስመር፣ ከዚያኛው የመጣ በሁለተኛው ይውጣ” የሚል ደንብ ራውተሩ ላይ ይሞላል። አንዱ መስመር ሲጠፋ ወደ ሌላው መሻገር ለሥራው ብቻ ይፈቀድ፤ ለፊልሙም ከተፈቀደ ጠቡ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ወዳጆቼ፣ የጋራ የሆነ ሁሉ አያፋቅርም። አንዳንዴ ፍቅር የሚጸናው ድርሻ ሲለይ ነው። መስመራቸው ተለያየ፤ ቡናውን ግን አብረው ይጠጣሉ።