ስለ መጋዝ ጥርስና ስለ ሁለት ሣጥኖች

በሰሜን ኬንያ አንድ ልጅ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ነገር ሣጥን ነው። ልብሱም፥ ደብተሩም፥ ሳሙናውም፥ እናቱ ደብቃ የምታስገባለት ስኳርም በዚሁ ሣጥን ውስጥ ነውና፥ ቁልፉን በአንገቱ ያንጠለጠለ ልጅ ቤቱን ይዞ እንደ ሄደ ይቈጠራል። ብዙ ሰው የቆርቆሮውን ሣጥን ከሱቅ ይገዛል። እኛ ግን በኡራን የምንኖር፥ የእንጨት ሥራ ፍቅር ያደረብን ባልና ሚስት ስለ ሆንን፥ የመጀመሪያዪቱ ልጃችን በጥር ወር 2003 ዓ.ም. ወደ ማርሳቢት ለትምህርት ስትሄድ ሣጥኗን በገዛ እጃችን ልንሠራላት ቈረጥን። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለታናሽ እኅቷ ሌላ ሠራን። ከሁለቱ አንደኛው አሳፈረን፥ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆሟል። ልዩነቱ ከመጋዝ ጥርስ የመጣ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ስለ ሆነ፥ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ለመንገር ወደድን።

ኡራን ከሞያሌ በስተምዕራብ፥ በሶሎሎ አቅራቢያ፥ ከኢትዮጵያ ወሰን ሳትርቅ የምትገኝ ስፍራ ናት። በዚህ ወሰን የሚኖር ሰው ከብቱን በቦረና ኦሮምኛ ይጠራል፤ በስዋሂሊ ይገበያያል፤ ሞያሌ በደረሰ ጊዜ ደግሞ አማርኛ ይናገራል። የአናጢውም ቋንቋ እንደዚሁ የተቀላቀለ ነው። መጋዝ፥ መሮ፥ መላጊያ ብሎ በአማርኛ ከጀመረ በኋላ፥ ዕቃ ጠምዶ የሚይዝበትን ሞርሳ፥ ማዕዘን የሚለካበትን ስኳድራ፥ ከመጋዙ ሥር የሚረግፈውንም ዱቄት ሰጋቱራ ይለዋል። እነዚህ ሦስቱ ከጣልያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው። አማርኛ በመማር ላይ ያለ ባለሥልጣን ሰጋቱራ የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ቢያጣው አይዘን፤ አናጢ ቤት ጎራ ቢል ከጫማው ሥር ያገኘዋል።

የሣጥን ማዕዘን በልዩ ልዩ መንገድ ይጋጠማል። ቀላሉ ሁለቱን ጣውላዎች አገናኝቶ ሚስማር መምታት ነው፤ ነገር ግን በጣውላ ጫፍ በኩል የገባ ሚስማር አጥብቆ አይዝምና መንገድ በነቀነቀው ቍጥር እየላላ ይሄዳል። የተሻለው የጣት ማጋጠሚያ የተባለው ነው። አንባቢያችን የሁለት እጃቸውን ጣቶች ቢያቈላልፉ፥ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ እጃቸው ነገሩን ያስረዳቸዋል። በአንደኛው ጣውላ ጫፍ ላይ ቦይ እየተቈረጠ ጣት ይወጣለታል፤ የሁለተኛው ጣውላ ጣት በዚያ ቦይ ይገባል። የጣቶቹ ጎን ለጎን ብዙ ስለ ሆነ ኮላው የሚይዝበት ቦታም ብዙ ነው። የቦረና ሴቶች ከሥር በተገኘ ቃጫ የወተት ዕቃ ሲሠሩ ወተቱ እንዳያፈስ አጥብቀው እንደሚሸምኑት ሁሉ፥ ይህም ማዕዘን ያለ አንዲት ሚስማር ይቆማል። ይህ ግን ቦዩ በሚገባ ከተቈረጠ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ጣውላችን የፈረንጅ ጥድ ነበረ። ሞያሌ ላይ በአንድ ወዳጃችን የመጋዝ ጠረጴዛ ለመሥራት ተፈቀደልን፤ ዲስኩን ግን ራሳችን መግዛት ነበረብን። ባለ ሱቁ ባለ 24 ጥርስና ባለ 60 ጥርስ ዲስክ አቀረበልን። ባለ 60ው ዋጋው ይበልጥ ነበር። «ጥርሱ የበዛ ሥራው ያማረ ነው» አለን። እኛም ማበጠሪያን እያሰብን ይመስለናል፥ አመንነው፤ ገዛንም።

በእውነቱ ባለ ሱቁ አልዋሸም። ጥርሱ የበዛ ዲስክ ጣውላን በአግድም ሲቈርጥ የጠራ ፊት ይሰጣል። ነገር ግን የዚያ ዲስክ ጥርሶች ዐናታቸው ያዘነበለ ነበር፤ አንዱ ወደ ግራ፥ ተከታዩ ወደ ቀኝ፥ እንዲህ እየተፈራረቁ። እንደዚህ ያለው ጥርስ ቦይ ሲቈርጥ በሁለቱ ጠርዝ ጠልቆ ይገባና በመካከል ጉብታ ይተዋል። ስለዚህ የቦዩ ወለል ደልዳላ መሆኑ ቀርቶ እንደ ትንሽ የቤት ጣራ ይሆናል። ቦዩን ለማስፋት ሦስት ጊዜ ስናመላልስ በወለሉ ላይ ሦስት ጣራ ተሠራ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ጥፋት የራሳችን ነው። ጣቶቹ እስከ ወለሉ ድረስ አልገባ ባሉን ጊዜ በጎናቸው የጠበቁ መሰለን። ስለዚህ መሮ አንሥተን ጎናቸውን ላግን። ጣቶቹ በጎናቸው ቀጠኑ፤ ጉብታው ግን በስፍራው ነበረ። ክፍተቱን ኮላና ሰጋቱራ ለውሰን ደፈንነው፤ ላዩን አረንጓዴ ቀለም ቀባንና ሣጥኑ አማረ። ኮላ ተገጣጥመው የተቀመጡ ሁለት የእንጨት ፊቶችን ይይዛል እንጂ ባዶ ቦታ ሞልቶ እንጨት እንደማይሆን ያን ጊዜ አናውቅም ነበር።

መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። ልጃችን በጭነት መኪና ላይ ሆና፥ ጥቍር ድንጋይ የተነጠፈበትን የዲዳ ገልገሉን ሜዳ ስታልፍ ሣጥኑ በሁለት ማዕዘን ተከፈተ። ደብተሮቿ አቧራ ጠጡ፤ አንድ ቀሚስም ከመኪናው ላይ ወድቆ ቀረ። የመኪናው ረዳት ሣጥኑን በገመድ ጠፈረላትና እንደዚያው እንደ ታሰረ ይዛው በትምህርት ቤቱ በር ገባች። ይህን የሰማነው ለዕረፍት በመጣች ጊዜ ከጎረቤት ልጅ ነው። እርስዋ «ደኅና ደርሻለሁ» ከማለት በቀር አንዳች ቃል አልነገረችንም ነበር። ዝምታዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ስለዚህ የታናሽቱ ተራ ሲደርስ «እናንተ አትድከሙ፤ ለእኔ የቆርቆሮው ይሻለኛል» ብትለን አልፈረድንባትም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ደግሞ እንድትፈቅድልን ለመንናት። በየካቲት 2010 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት በመንግሥት ደን ዛፍ መቍረጥን አግዶ ስለ ነበር የጣውላ ዋጋ ንሮ ነበር። እኛም ከቤታችን አንድ እግሩ የተሰበረ የዋንዛ ጠረጴዛ አፈረስን። ይህም በጀን፤ ለብዙ ዓመት የደረቀ እንጨት ከአዲሱ ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃልና።

ከዚያም አሮጌውን ሣጥን ተሸክመን፥ በኢትዮጵያው ሞያሌ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው የተከፈተውን ማዕዘን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጆቼ፥ ጣቱን ስታዩ የቦዩን ወለል ረሳችሁት» አሉን።

ቀጥሎም ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ ዲስክ አወጡ። ጥርሱ 24 ብቻ ነበረ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ጥርስ ዐናት እንደ መሮ አፍ ቀጥ ያለ ነበር። እንዲህ ያለው ዲስክ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ለመሰንጠቅ የተሠራ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ጕድጓድ ሰፊ ስለ ሆነ ሰጋቱራው ታፍኖ እንጨቱን አያቃጥለውም፤ ወለሉንም ደልዳላ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ጕድለት አለው፤ ጥርሱ ከእንጨቱ በሚወጣበት በኩል ጭረቱን ይገነጥላል። ለዚህም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከጣውላው ጀርባ ሌላ ቁራጭ ጣውላ አስጠግቶ ሁለቱን አብሮ መቍረጥ።

ከሁለታችን አንዱ፥ ማን እንደ ሆነ አንናገርም፥ በአሜሪካ አገር ስለሚሸጠው ጥንድ ዲስክ አንሥቶ ጠየቀ። ይህ ዓይነቱ ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን ተደርጎ በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦይ የሚቈርጥ ነው። መልካም መሣሪያ ነው፤ ለሚሆንለት ማሽን። የአሜሪካው ዲስክ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የአውሮፓው 30 ነው፤ በአውሮፓ ልማድ የተሠሩ የመጋዝ ጠረጴዛዎችም ዘንጋቸው አጭር ስለ ሆነ ብዙዎቹ ሁለት ዲስክ ደርበው ለመያዝ አይበቁም። ማሰሪያው በሙሉ ጥርሱ ያልያዘ ዲስክ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ምን እንደሚያደርግ ሽማግሌው የግራ እጃቸውን አሳይተው ነገሩን። ጥያቄው በዚሁ ተዘጋ።

ናይሮቢ የሚኖር ዘመዳችን ባለ 24 ጥርስ፥ ቀዳዳው 30 ሚሊ ሜትር፥ የሚበላው ስፋት 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ላከልን። የጥርሱ ጫፍ ተንግስተን ካርባይድ ነው፤ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሲደነዝ ግን በሞረድ አይሳልምና ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከመሥራታችን በፊት በውዳቂ እንጨት ላይ አንድ ቦይ ቈርጠን የብረት ማስመሪያ በወለሉ ላይ አቆምን፤ ከሥሩ ብርሃን አላለፈም። አንባቢያችን ዲስክ በሚገዙበት ጊዜ ይህን አንድ ፈተና ከባለ ሱቁ ቃል ሁሉ አስቀድመው ቢያደርጉ ገንዘባቸው ይተርፋል።

የሣጥኑ ከፍታ 36 ሳንቲ ሜትር ነበር። የጣቱን ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብናደርገው በእያንዳንዱ ማዕዘን 20 ጣትና 20 ቦይ ይደርሳል። እያንዳንዱን ቦይ ከቈረጥን በኋላ ስፋቱ ከቦዩ እኩል በሆነ ትንሽ የእንጨት ምሪት ላይ እያስቀመጥን ወደ ተከታዩ እናልፍ ነበር። ምሪቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ ያህል ቢሳሳት ስሕተቱ በየቦዩ እየተደመረ በመጨረሻው ጣት ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ምሪቱን ሦስት ጊዜ ሠርተን ሁለቱን ለምድጃ ሰጠን።

ኤሌክትሪክ ለሌለው ሰው ደግሞ የእጅ መጋዝ አለ። ጀርባው ብረት የለበሰውንና በአንድ ኢንች 15 ያህል ጥርስ ያለውን ይምረጥ፤ ጥርሱም ጭረት ለመከተል የተሳለ ይሁን። በመጋዙ ጎን ለጎኑን ይቈርጣል፤ ወለሉን ግን በመሮ ከሁለቱም ወገን ወደ መካከል ያወጣዋል። ሥራው ረጅም ነው፤ ሆኖም ወለሉ የደለደለ ይሆናል።

የዋንዛው ጣቶች በእጅ ግፊት እስከ እኩሌታ ገቡ፤ የቀረውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለን አስገባነው። መሮ አላነሣንም።

እውነቱን ለመናገር፥ በ2011 ዓ.ም. መንገዱ አስፋልት ለብሶ ስለ ነበር የሁለቱ ሣጥኖች ፈተና እኩል አልነበረም። ስለዚህ ከመላካችን በፊት ሣጥኑን ድንጋይ ሞልተን በግቢው ውስጥ በአህያ ጋሪ ላይ አንገላታነው፤ ከሁለታችን ከባዱም ቆመበት። ልጃችን ከደጃፍ ሆና ይህን ሁሉ ስትመለከት ቆየች። ከዚያ ገብታ ልብሷን ታጥፍ ጀመር፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቁልፉን ግን በአንገቷ አንጠልጥላው አየን።

በ2015 ዓ.ም. ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ሣጥኑ ከእርስዋ ጋር መጣ። ብዙ በጋና ብዙ ዝናም አይቶ ማዕዘኖቹ አልተላቀቁም፤ ክዳኑ ብቻ ጥቂት ጎብጧል። አረንጓዴው ሣጥን ደግሞ ከማድቤቱ ኋላ ነው፤ ገመዱ አሁንም አልተፈታም፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል።