«ምንም አላደረጉልኝም»

ድንገተኛ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ አነጋገር ሲያመኝ ኖሯል፤ «ሐኪም ቤት ሄጄ ምንም አላደረጉልኝም» የሚለው። ይህን አዘውትረው የሚሉት ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የተዘረጋው አጥንት የተሰበረባቸው ሰዎች ናቸው። ክንድ ሲሰበር ጄሶ ይታሰራል፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የክንድ ማንጠልጠያና የሕመም ማስታገሻ ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ብዙዎቹም ከእኛ በር በቀጥታ ወደ ወጌሻ ያመራሉ።

አልፈርድባቸውም። አያቴ ወጌሻ ነበሩ፤ በጣት ዳስሶ ስብራት ማግኘትን ያየሁት ከእሳቸው ነው። ይህ አጥንት ቆዳ ሥር ስላለ እብጠቱም ጉብታውም ለዓይን አይሰወርም። ራጅ የሚነግረን የትኛው ቦታ እንደተሰበረና ጫፎቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው መካከሉ ላይ ነው፤ ጫፎቹ እምብዛም ካልተለያዩ በአዋቂ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በልጅ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይገጥማል። ፈጽሞ ሲለያዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዲህ ያሉ 132 ሰዎችን አካትቶ፣ በማንጠልጠያ ብቻ ከታከሙት ውስጥ አጥንታቸው ሳይገጥም የቀረባቸው ቀዶ ሕክምና ካገኙት ይልቅ መብዛታቸውን አሳይቷል።

ከአጥንቱ ሥር ወደ ክንድ የሚወርዱ ትልልቅ የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ፤ የሳንባም ጫፍ ቅርብ ነው። ስለዚህ የእጅ አንጓ ትርታ ይዳሰሳል፤ ጣቶች መንቀሳቀሳቸውና መዳሰስ መለየታቸው ይፈተሻል፤ ትንፋሽ ይደመጣል፤ አጥንቱ ቆዳውን ወጥሮ እንዳያቆስለው ይታያል። ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ታማሚው ግን ሐኪሙ እጁን ሲነካካው ብቻ ነው የሚያየው።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ከነእናቱ መጣ። እየመረመርኩት እያንዳንዱን ነገር ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፦ «ትርታው ደህና ነው፤ ጣቶቹ ይሰማቸዋል፤ ሳንባው ንጹሕ ነው።» ከዚያ ይህንኑ ከነሰዓቱ፣ የተጎዳውን ጎን ጨምሬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ፤ ማንጠልጠያውን ካደረግሁለት በኋላም ጣቶቹን ደግሜ አይቼ ጻፍኩ። እናቱ «ለካ ይህን ሁሉ እያየህ ነው!» አሉኝ። ለቀጠሮው ራሳቸው ይዘውት መጡ።

ከዚያ ወዲህ መናገርንና መጻፍን ከሕክምናው ለይቼ አላይም። ነገ የታማሚው ጣት ቢደነዝዝ፣ ድንዛዜው ከአደጋው ጋር የመጣ ይሁን ኋላ የተፈጠረ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቀን ጽሑፍ ያነበበ ሐኪም ነው። የመኪና አደጋ ከሆነም ፖሊስና ኢንሹራንስ የሚጠይቁት ያንኑ ወረቀት ነው።

እናንተም ማንጠልጠያ ብቻ ተሰጥቷችሁ ስትወጡ «ምን አያችሁ? ተጽፏል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራጁን በጥንቃቄ አስቀምጡ፤ ቀጠሮ አትዝለሉ። እጅ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ተመለሱ።