የእስፓኝ ቹሮና የእናታችን ማማሰያ

ሽማግሌን አክብሮ ማኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሥራ ማራቅ ሁሉ ማክበር እንዳይመስለን፥ በቤታችን የሆነውን ለክቡራን አንባቢዎች ልንነግር ወደድን።

አባታችን ካረፉ በኋላ እናታችንን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር አምጥተን ከእኛ ጋራ አኖርናቸው። እንዲያርፉም ብለን ወደ ማድቤት እንዳይገቡ ከለከልናቸው። እርሳቸውም እሺ ብለው በመስኮት ጣናን ሲመለከቱ ይውሉ ነበር፤ የሚበሉት ግን ዕለት ዕለት እያነሰ ሄደ።

በነቢያት ጾም አንድ ቀን፥ ልጆቻችን ከቦንቦሊኖ የተለየ ነገር ቢሹ፥ ቹሮ የተባለውን የእስፓኝ ጥብስ ለመሥራት ተነሣን። ሊጡ ውሃ፥ ዱቄት፥ ጨውና ዘይት ብቻ ስለ ሆነ ለጾም ይስማማል። የእስፓኝ ሰው ለጣና ዳር አዲስ አይደለም፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ካህን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1603 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ በ1622 ዓ.ም. በጎርጎራ ዐርፎአል።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከጥቂት ጨውና ከአንድ ማንኪያ ዘይት ጋራ አፍልተን፥ ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ጨመርንበት። ሊጡ ግን ጓጐለ። እኛም ችላ ብለን፥ በእጃችን እንደ ጣት አድቦልብለን ከጋለ ዘይት ጣልነው። በውስጡ የታፈነው እንፋሎት መውጫ ቢያጣ ሊጡ ፈነዳ፤ ዘይቱም ተፈናጥሮ የታላቂቱን ልጃችንን እጅ ፈጃት።

እናታችን ጩኸቱን ሰምተው፥ ክልከላችንን ሳያስቡ ገቡ። የልጂቱን እጅ ከሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ በታች ብዙ ጊዜ አቆይተው ካሳረፏት በኋላ፥ ወደ ድስቱ ተመልክተው፥ «ልጆቼ፥ ይህ እኮ ገንፎ ነው፤ ገንፎ እንዲህ ይገነፋል?» አሉን። ማማሰያ አስመጥተውም ሌላ ውሃ አፈሉ፤ ዱቄቱንም ጨምረው፥ ጓሉ ሁሉ እስኪጠፋ ድረስ ከድስቱ ጐን ጋራ እያሹ አማሰሉት።

እኛም በበኩላችን ጥፋታችንን አወቅን፤ ቹሮ የሚወጣበት አፍ እንደ ኮከብ ጥርስ ያለው መሆን ይገባዋል። ሸንተረሩ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያደርሳል፤ እንፋሎቱንም ያስወጣል። ስለዚህ ሊጡን ጥቂት አብርደን፥ በኬክ ማስጌጫ ከረጢት በስንዝር ልክ እየጨመቅን፥ ጋለ እንጂ ባልጨሰ ዘይት ጥቂት ጥቂት እያደረግን፥ ወርቅ እስኪመስል ጠበስነው።

እስፓኞች ቹሮን በወፍራም ትኩስ ቸኮላታ እያጠቀሱ ይበሉታል። እኛ ግን ስኳር ነስንሰን ከቡና ጋራ አቀረብነው። እናታችን ስኳሩን ትተው በማር ሦስት በሉ፤ ይህን ያህል ሲበሉ ካየን ብዙ ወራት ሆኖን ነበር።

የልጂቱ እጅ ድኖአል። ማማሰያው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በእናታችን እጅ ነው፤ እኛም ከማድቤት እንዲወጡ ዳግመኛ አልጠየቅናቸውም።